ያልተመረመረው ቅዳሜ

እትዬ ጠብታ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የውሃ ላቦራቶሪ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የከተማውን ውሃ በብልቃጥ እየቀዱ፣ መመርመሪያ መድኃኒት እያንጠባጠቡ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ጮክ እያሉ ሲቆጥሩ ኖሩ። ስምንት ጠብታ ከተባለ ስምንት ነው። ዘጠነኛዋ ካመለጠች ደፍተው እንደገና ይጀምራሉ። ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ቤት ሲገቡ ብልቃጡም ቆጠራውም አብሯቸው ገባ። ሳሎን ውስጥ ተመልካች አጥቶ አረንጓዴ የለበሰውን የመስታወት የዓሣ ገንዳም ማንም ሳይጠይቃቸው ተረከቡ።

ይኸው አራት ዓመት፣ ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን ዝር የሚል ሰው የለም። ከገንዳው ውሃ ሩብ ያህሉን በጎማ ስበው ያወጣሉ። በምትኩ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በረንዳ ላይ ያደረ ውሃ ይጨምራሉ። የማጣሪያውን ስፖንጅ፣ ከገንዳው በወጣው ውሃ ውስጥ ብቻ፣ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ይመልሱታል። ከዚያ ምርመራው ይመጣል፤ ውጤቱም ደብተር ላይ ይሰፍራል። ዓሦቹ ሰባት ናቸው። ትልቁን ብርቱካንማ ዓሣ «ዋና ኃላፊው» ብለውታል፤ እንደ ቀድሞ አለቃቸው አፉን ሲከፍት ሲዘጋ ይውላል እንጂ አንድ ፍሬ ነገር አይወጣውም።

ጉዱ የፈላው፣ እኅታቸው ቀዶ ጥገና አድርገው ሊያስታምሟቸው በሄዱበት ስድስት ቀን ውስጥ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ሲመለሱ ልጃቸው ሻንጣቸውን ተቀብሎ በኩራት ወደ ገንዳው መራቸው። ውሃው ከመስታወቱ አይለይም። ጠጠሩ ያብረቀርቃል፣ ስፖንጁ ገና ከሱቅ የመጣ ይመስላል። ዓሦቹ ግን ስድስት ብቻ ናቸው። ስድስቱም ላይ ላዩን ተሰልፈው አየር ይጎርሳሉ፤ ዋና ኃላፊው በአንድ ጎኑ አዘንብሏል።

ሰባተኛውስ ብለው ጠየቁ። ትናንት ሞቶ አገኘነው፣ ዕድሜ ይሆናል አለ ልጃቸው፣ ዕድሜውን ቆጥሮለት እንደሚያውቅ ሁሉ። ስፖንጁ በምን ታጠበ? በቧንቧ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ሚስቱ ስፖንጁ ላይ የተጋገረውን ቡናማ ነገር እንግዳ ያየዋል ብላ ትሳቀቅ ስለነበር፣ እማዬም ስትመለስ ደስ ይበላት ብለው፣ ቅዳሜ ጠዋት ገንዳውን እስከ ጠጠሩ አራግፈው አጠቡት። በረንዳ ላይ የተዘጋጀላቸውን ሁለት ባልዲ ውሃ ንክች ሳያደርጉ በቀጥታ ከቧንቧ ሞሉት።

የእትዬ ጠብታ ደም ፈላ። ያ ቡናማ ነገር እኮ የገንዳው ነፍስ ነው። የዓሦቹን ቆሻሻ የሚበላው ባክቴሪያ የሚኖረው እሱ ላይ ነው። ይህን ስንቴ ተናግረዋል፤ ክዳኑ ላይ ሳይቀር በትልቁ ጽፈው ለጥፈዋል። ሰሚ ጠፋ እንጂ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እነዚህ ባልና ሚስት ግን አፍስሰው ለመልቀም እንኳ አልጎነበሱም። ይህን ሁሉ እትዬ ጠብታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ፤ ምራታቸውም ቀስ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

የምርመራውን ሣጥን ፕላስተር ልጠው ከፈቱ። ስምንት ጠብታ ቆጠሩ፣ አምስት ደቂቃ ጠበቁ። ቢጫ መሆን የነበረበት ውሃ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ሆነ። አሞኒያ ነው፤ ዓሦቹ በገዛ ሽንታቸው እየተቃጠሉ ነው።

«ግን እማዬ፣ ውሃው እኮ ጥርት ያለ ነው» አለ ልጃቸው።

ይህችን ቃል በደንብ ያውቋታል። ዋና ኃላፊውም፣ ሰውየው ማለት ነው፣ ብርጭቆ ወደ መስኮት እያነሳ እንዲሁ ይል ነበር። በዓይን የማይታይ መርዝ አለ ብለው ቢያስረዱት፣ ቢያስረዱት፣ ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆኖ ቀረ።

ውጤቱን ሊጽፉ ደብተሩን ሲገልጡ ግን የቅዳሜው መስመር ተሞልቶ አገኙት። አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ። የእጅ ጽሑፉ የልጃቸው ነው። ሣጥኑ ደግሞ ሲሄዱ እንዳሸጉት ነበር የቆየው።

«መርምረኸው ነው?»

«አይ። ያው ሁሌ የምትጽፊውን ነው የገለበጥኩት። መስመሩ ባዶ ሆኖ ስታዪው እንዳትናደጂ ብዬ።»

እትዬ ጠብታ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ያ ሁሉ ጩኸት የት እንደገባ እንጃ። ልጃቸው ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር በእጃቸው ዝም አሰኙት።

«በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ እኔም አንድ ሳምንት እንዲህ አድርጌያለሁ» አሉ። «መድኃኒቱ አልቆ ነበር። ኃላፊው፣ መስመሩ ባዶ ከሚሆን ያለፈውን ሳምንት ቁጥር ገልብጪ አለኝ። ገለበጥኩ። በዚያው ሳምንት እኛ ሰፈር ሕፃናቱ በተቅማጥ ወደቁ። አንተ አራት ዓመትህ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛህ።»

መታመሙን ያውቃል፤ ይህን ግን ሰምቶ አያውቅም። ከውሃው ነበር ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

«አላውቅም» አሉ። «አልመረመርኩትማ።»

ስንት ዓመት ሙሉ ንዴታቸውን ሁሉ ኃላፊው ላይ ሲያራግፉ ኖረዋል፤ ስሙን ለዓሣ እስከ መስጠት ደርሰዋል። ቁጥሩን የጻፈችው እጅ ግን የራሳቸው ናት፤ እፍረቱም የራሳቸው ነው።

እስክሪብቶውን ለልጃቸው አቀበሉት። በላቦራቶሪ ደንብ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፤ ይሰመርበትና ያሰመረው ሰው ይፈርማል። ልጃቸው አሰመረ፣ ከጎኑ «አልተመረመረም» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። ከዚያም ማንም ሳያዘው በረንዳ ወጥቶ ሁለቱን ባልዲ ውሃ ይዞ መጣ።

እትዬ ጠብታ ጎማውን ይዘው ገንዳው ሥር ተንበረከኩ። ዋና ኃላፊው መስታወቱን ተጠግቶ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ።

«አንተ ቆይ» አሉት። «ዛሬ ጠቤ ካንተ ጋር አይደለም።»