ጭላዳዎቹና ከዘራዬ

ዛሬ በርሊን መሐል ከዘራዬን ሽቅብ አንስቼ «ሃይ! ውጣ ከገብሱ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

የምኖረው ከልጄ ጋር፣ እዚሁ ጀርመን አገር አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ለፈረንጆቹ ፋሲካ በርሊንን እንይ ብለን መጣን። የልጅ ልጄ ሶስና «አባባ፣ የአገርዎን ሰዎች ላሳይዎት» ብላ በደስታ እየጎተተች ወደ አራዊት ማሳያው ወሰደችኝ።

ከመስታወቱ ወዲያ የስሜን ተራራ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ!

እኔ እንግዲህ ደባርቅ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ገብሴን ከነሱ ስጠብቅ የኖርኩ ገበሬ ነኝ። እጄ ሳያማክረኝ ተነሣ። (አፌማ ድሮም አማክሮኝ አያውቅም።)

አንድ የጭላዳ ግልገል ደንግጦ እናቱ ደረት ላይ ተለጠፈ። አጠገቤ የነበሩት ሕፃናት አለቀሱ። ጥበቃው መጥቶ በጣቱ በሩን አሳየኝ።

ሶስና ፊቷ ቀልቶ «አባባ፣ እዚህ ምን ገብስ አለና ነው የሚያባርሯቸው?» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ «አንቺ ጀርመን» እያልኩ የማበሽቃት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ግን አንገቴን ደፍቼ እስከ ባቡሩ ተከተልኳት።

እናንተስ፣ በሰው አገር የአገር ቤት እጃችሁ አምልጧችሁ ያውቃል? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።