ይዝጉት፣ እኔ እደውላለሁ

ያ ክረምት ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ነበር። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ የሰውን ንግግር ይውጣል፤ ፎጣ አይደርቅ፣ ግድግዳው ያልባል፣ ሥራ የሌለው ሰው እንኳ ሙቀት ፍለጋ ፀጉር ቤት ይገባል። ፀጉር ሠሪዋን ግን ያን ክረምት ባሰበች ቁጥር ዛሬም ገላዋን ውርር የሚያደርጋት ብርዱ አይደለም፤ የታላቅ እህቷ ነገር ነው።

ታላቂቱ ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነች። በሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተርነት አርጅታ ጡረታ ብትወጣም ሰፈሩ “እትዬ ሄሎ” ማለቱን አልተወም። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበርና በየደረሰበት ድምፁን እየቀዳ በኢሜይል ይልክላት ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ያ የኢሜይል ሳጥን ለእሷ የፎቶ አልበም ማለት ነው። ሰው የሞተበትን ፊት በፎቶ ያያል፤ ሄሎ የምታውቀው ድምፁን ነው፣ ድምፁ ደግሞ ከዚያ ሳጥን ሌላ የትም የለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሄሎ ፀጉር ቤቱ ጥግ ተቀምጣ ሳለ ስልኳ መናገር ጀመረ። የእሷ ስልክ የመጣላትን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብላታል። “ሳጥንዎ ሞልቷል። እስከ ማታ ከታች ያለውን ተጭነው የይለፍ ቃልዎን ካላስገቡ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።”

ፀጉር ሠሪዋ ደነገጠች። እጇን ከሳሙናው ሳታለቃልቅ ሮጠች።

“እትዬ፣ አምጪው እኔ ልጫንልሽ!”

“ቆዪ።”

“ምን ቆዪ አለ? የኢሜይሉ ሰዎች የራሳቸው ነው እኮ! ምልክታቸው ይኸው፣ ቀለሙም የእነሱ ነው!”

“እኔ ምልክትና ቀለም የት አውቄ? ከየት እንደመጣ ልስማ፣ እስቲ ዝም በሉ።”

የላኪውን ስም ነካ አደረገችው። ስልኩ ከስሙ ጀርባ ያለውን አድራሻ እየቆራረጠ አነበበ። ኢሜይሉን የሚሰጠው ድርጅት አልነበረም፤ የጫማ መሸጫ ይመስላል።

“ጫማ ነጋዴ የኔን ሳጥን ምን አገባው?” አለች ሄሎ።

“በጫማቸው ሊገቡበት ነዋ!” አለች ፀጉሯን በቢጎዲን ተጠቅልላ ካስክ ሥር የተቀመጠች ደንበኛ።

ፀጉር ሠሪዋ አልሳቀችም። “እውነት ቢሆንስ፣ እትዬ? መሽቶ ድምፁ ቢጠፋ ምን ይውጥሻል?”

ሄሎም ስልኩን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ግን ከሥራዋ ያመጣችው አንድ ልማድ ነበራት። አንዱ ይደውልና፣ “ሐኪሙ ነኝ፣ የእከሊትን ክፍል ቶሎ በይ፣ ሰው ሊሞት ነው!” ሲላት፣ “ይዝጉት፣ በማውቀው ቁጥር እኔ እደውላለሁ” ትለው ነበር። እውነተኛው እየተነጫነጨም ቢሆን ይዘጋል። አስመሳዩ ይሳደባል፤ ያጣድፋል።

“ይኼም እያጣደፈኝ ነው” አለች።

ደብዳቤውን እንዳለ ተወችው። ሁልጊዜ በምትገባበት መንገድ፣ በራሷ በር፣ ወደ ሳጥኗ ገባች። ፀጉር ሠሪዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ጠጋ አለች። ሳጥኑ ግማሹም አልሞላም። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ምን የለ።

ሄሎ ከባሏ መልእክቶች አንዱን ከፈተች። “ስሚ እንጂ፣ ጎማ ፈንድቶብኝ ሜዳ ላይ ተቀምጫለሁ። ወፎቹን ላሰማሽ ብዬ ነው።” ከዚያ ሰውየው ዝም አለ፤ ወፎቹ ብቻ ተንጫጩ። ውጭ ዶፉ እየወረደ ያ ፀሐያማ ሜዳ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ገባ። ፀጉር ሠሪዋ የእህቷን ፊት አየች። ስንት ዓመት አብራት ስትኖር እንዲህ ያለ አገር በዚያች ስልክ ውስጥ እንዳለ አታውቅም ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ ጣት ለማያውቁት ሰው ልታስረክብ እንደነበር ሲገባት የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች።

ካስክ ሥር ያለችው ደንበኛም ሳቋ ጠፍቷል። “ያ ደብዳቤ ትናንት ለእኔም መጥቶ ነበር።”

“ፓስዎርድሽን ሰጠሻቸው?”

“ሰጠሁ፣ እትዬ።”

“በይ ተነሺ! አሁኑኑ ቀይሪው። ያንኑ ሌላ ቦታም ከተጠቀምሽበት እዚያም ቀይሪ። ሳጥንሽ አንቺ በማታውቂው ስልክ ተከፍቶ ከሆነ ከዚያ አስወጪው።”

ሴትየዋ ቢጎዲኗን ሳትፈታ ቀየረች። ሌቦቹ ገና አልቀደሟትም ነበር።

ከዓመታት በኋላ ፀጉር ቤቱ ተዘጋና እህትማማቾቹ በየፊናቸው መኖር ጀመሩ። ሄሎ አሁን ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ከባሏ እህት ጋር ትኖራለች፤ በመንገዱ በኩል ያለችው ክፍል የእሷ ናት፤ በዚያ የሚያልፍ ሰው አንዳንዴ የእነዚያን ወፎች ጫጫታ ይሰማል።