በቢቸና ሲኒማ ቤት የተረጎምኩት ቃል

ሦስት የንስሐ አባቶች ሞተውብኛል። ለሦስቱም ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ሌላም ሌላም ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህን ግን አንዳቸውም ሳይሰሙት ሄዱ። አሁን ለማላውቅህ ለአንተ እነግርሃለሁ። የደፈርኩት ፊትህን ስለማላየው ይሆናል።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ቢቸና ውስጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ። ደብረ ወርቅ ቅኔ ተምሬ፣ ኋላም አስኳላ ገብቼ እስከ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ። በከተማው ጋሼ ታፈሰ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ቀድሞ የጤና ትምህርት ፊልም ይዞ በየገጠሩ የሚዞር መኪና ሾፌር። እሳቸው አሮጌ የፊልም ማሳያና ጄኔሬተር ገዝተው፣ የቆዳ መጋዘን የነበረውን ቤት ሲኒማ ቤት አደረጉት። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ መረጉ፣ ፊልሙ የሚታይበት አቡጀዲ ሰፍተው ወጠሩ፣ የባሕር ዛፍ አግዳሚ ደረደሩ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ጄኔሬተሩ ማጓራት ሲጀምር ከተማው ወደዚያ ይተም ነበር። ያ የቆዳ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። አቡጀዲው ላይ ሰው ብቅ ሲል ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ነሣ ብለው እጅ ይነሳሉ፤ ሴቶቹ «ኧረ ከኋላህ መጣብህ!» እያሉ ይጮኻሉ። ፊልሙ በእንግሊዝኛ፣ አስተርጓሚው እኔ። ከአቡጀዲው ጎን ቆሜ የገባኝን እተረጉማለሁ፤ ያልገባኝን ከራሴ እፈጥራለሁ። እውነቱን ልናገርና አብዛኛው አይገባኝም ነበር። ግን የቅኔ ተማሪ ቃል ይቸግረዋል? ሳቁ ስል ይስቃሉ፣ አልቅሱ ስል ያለቅሳሉ። በዕድሜዬ እንደዚያ የተወደድኩበት ጊዜ የለም።

አንድ ዓመት ነጃት የምትባል መምህርት ከሐረር ተመድባ መጣች። እንግሊዝኛ አጥርታ ታውቃለች። እኔ ሳስለቅስ እሷ ፈገግ ትላለች። ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ታፈሰ ወደ ጎን ጠሩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ምላስህ ማር ነው» አሉኝ። «ነገር ግን ሕዝቡ ያየውን ነገር በትክክል ይወቅ። ከመጪው እሑድ በኋላ ነጃት ትሞክረው። አንተም አጠገቧ እየተቀመጥህ እንግሊዝኛህን ታሻሽላለህ።»

ምን ክፉ ነገር አለው? ምንም! «እርስዎ እንዳሉ ይሁን ጋሼ» አልኩ። ውስጤ ግን ነደደ። ከዚያ አቡጀዲ ጎን ማን ሊያነሳኝ? በሷ ፊት ተማሪ ልሁን?

የመጨረሻዬ እሑድ ደረሰ። በፊልሙ ውስጥ አንድ የተጎሳቆለ ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። በእንጨት ላይ ከተሳለ የእመቤታችን ሥዕል ፊት፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ይቆማል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። በእንግሊዝኛ «እናቴ ሆይ፣ ይቅር በይኝ» አለ። ከዚያ ሁሉ ፊልም ያለ ጥርጥር የገባኝ ቃል ይህ ነበር። ገብቶኛል! ገብቶኝ ሳለ ወደ ሕዝቡ ዞርኩና፣

«እየሳቀባት ነው» አልኩ። «ይህችን እንጨት አውርዱልኝ፣ ለማገዶ ትሁነኝ ይላል።»

ቤቱ በቁጣ ተናወጠ። ነጃት ተነሥታ «ውሸት ነው! ይቅር በይኝ ነው ያላት! እያለቀሰ ነው!» ብላ ጮኸች። ማን ይስማት? አንዱ «እስላሟን ዝም አሰኟት!» አለ። «እኛም ማርያምን እናከብራለን» ስትል ድምፅዋ በጩኸቱ ተዋጠ። አግዳሚው ተገለበጠ፣ አቡጀዲው ተቀደደ። ጋሼ ታፈሰ ማሽኑን አቅፈው በድንጋይ ተመቱ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ አየሁ። አንዲት ቃል፣ «ተሳስቻለሁ» ብል በቂ ነበር። አላልኩም።

ያን ቤት ዳግም የረገጠ እንዲወገዝ በካህናቱ ተወሰነ። የነጃት አከራይ ዕቃዋን ከደጅ አወጡባት። ዝውውር ጠይቃ ወደ ደጀን በሚሄድ የጭነት መኪና ልትሳፈር ስትል መንገድ ላይ አገኘችኝ።

«ሰምተኸዋል» አለችኝ። «እንደሰማኸው አውቃለሁ።»

አንገቴን ደፋሁ። እሷም ተሳፈረች። የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጋሼ ታፈሰም ቢቸናን ለቀው ሞጣ ገቡ። ከአራት ዓመት በኋላ ለአንድ ባለጉዳይ ክርክር ሞጣ ሄጄ፣ ገበያው ዳር ራዲዮ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ጸጉራቸው ሸብቷል። ብድግ ብለው አቀፉኝ። ወደ ቤት አስገብተው ሲያጫውቱኝ፣

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ፊልሙን አስቀድሜ ሳላይ ለሕዝብ አሳየሁት። በገዛ ቤቴ እመቤቴን አሰደብኋት። አንተ የሰማኸውን ነው የተረጎምህ፤ ምን ታደርግ? ነጃት ውሸት ነው ብትለኝም ያመንሁት አንተን ነው። ይኸው ንስሐ ገብቼ፣ በየዕለቱ መቶ መቶ እሰግዳለሁ።»

ጉልበታቸውን ገልጠው አሳዩኝ። ጠቁሮ ደድሯል።

ያኔ ለምን አልነገርኳቸውም? ማንም አልነበረ፤ እኔና እሳቸው ብቻ። አፌን ከፈትኩ። «እግዜር ይቀበልልዎ» አልኩና ወጣሁ። ይህን ቃል ከመጀመሪያው ቃል ይልቅ እፈራዋለሁ። የመጀመሪያውን በንዴት ተናገርኩት፤ ሁለተኛውን አስቤበት።

በሁለት ዓመቱ መርዷቸው መጣ። እስከ መጨረሻው ይሰግዱ ነበር አሉኝ።

ወጣት ነበርኩ፣ ቅናት አሳወረኝ ልልህ እችላለሁ። አልልህም። ይቅር በለኝ ብዬም አልለምንህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። እሳቸው ንጹሕ ሰው ነበሩ። በደሉን ሠርቼ፣ ንስሐውን ለእሳቸው ትቼ የወጣሁት እኔ ነኝ።