የዋጫ መንገድ የተዘጋ ሰሞን

ቦንጋ የመጣሁት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኜ ተመድቤ ነው። ያደግኩት ወሎ ስለሆነ እንደ ከፋ ያለ ዝናብ አላውቅም ነበር። በዚያ ክረምት ግን የአገሩ ሰዎችም «ይሄስ በዛ» ይሉ ጀመር። አንድ ጠዋት ዋጫ አካባቢ ተራራ ተንዶ ቤቶች ላይ መውረዱንና መንገዱ መዘጋቱን ሰማን። እኛም ጋ መብራት ጠፋ፤ ኔትወርኩም ይመጣል፣ ይሄዳል።

ቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ላይ ለኮምፒውተሮቹ የተተከለ ሶላር ነበረን። ማን እንዳወራው እንጃ፣ የንባብ ክፍሉ ስልክ ቻርጅ ሊያደርጉ በመጡ ሰዎች ሞላ። ግድግዳው ላይ «ጸጥታ ይከበር» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ያን ቀን ግን ማንንም ዝም በሉ አላልኩም።

ከመጡት አንዱ ኮረሪማ ሊሸጡ ከዋጫ በኩል የመጡ ገበሬ ነበሩ። ስልካቸው ሲበራ ይደውላሉ፣ ጆሯቸው ላይ ይዘው ይቆያሉ፣ መልሰው ያወርዱታል።

«ጋሼ፣ ሰፈርዎ የት ነው?» አልኳቸው።

ነገሩኝ። ተራራው የተናደበት ነው።

«ሚስቴ እርጉዝ ናት» አሉ። «ወሯ ገብቷል። እኔ ገበያ ብዬ ትቼያት መጣሁ።»

የቴሌግራም ግሩፕ ነበረን። የከፈትኩት አዲስ መጽሐፍ ሲገባ ለአንባቢዎቻችን ለመንገር ነው። መምህራን፣ ተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች አሉበት። የሰውየውንና የባለቤታቸውን ስም፣ ሰፈራቸውንም ጽፌ ላክሁ። ወዲያው ብዙ ሰው «እግዚአብሔር ይርዳቸው» አለ። አንዱ በጭቃ የተዋጠ መንደር ፎቶ ለጠፈና ክፍሉ ተንጫጫ። ፎቶው የሌላ አገር እንደሆነ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስታሳየኝ አጠፋሁትና «በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ» አልኩ።

ከዚያ ዋጫ የሚያስተምር፣ ቦንጋ ሲመጣ መጽሐፍ የሚዋስ መምህር መለሰ፦ «እኛ ትምህርት ቤት የተጠለሉ አሉ። ሄጄ ልጠይቅ።» ኔትወርኩም ጠፋ።

ሰውየው ቁጭ አሉ። ሻይ አስመጣሁላቸው፤ አልነኩትም። በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ሳቀብላቸው ግን ሥዕሎቹን ቀስ እያሉ ገለጡ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። መምህሩ የድምፅ መልእክት ልኳል።

ከፈትኩት። የሴት ድምፅ ነው፤ በካፊኖኖ በቁጣ ትናገራለች። ሰውየው እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ።

«ምን አሉ?» አልኳቸው።

«በሬዎቹን ፈትቼ ነው የወጣሁት፣ አንዱ ግን ጠፍቷል፣ አንተ ደግሞ ስልክህን ለምን ትዘጋለህ ትላለች።»

አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት እናት ግን አልሳቁም። «ቆይ» አሉ፣ «መጨረሻ ላይ የሚያለቅሰው ማነው?»

መልሼ ከፈትኩት። ከቁጣው በኋላ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ሰውየው ከወንበራቸው ተነሥተው መልሰው ተቀመጡ። እናትየዋ እልል አሉ፤ ክፍሉም ተቀበላቸው። ቀጥሎ የመምህሩ ጽሑፍ ገባ፦ «ጤና ጣቢያ ወልዳለች። ሴት ናት። መሬቱ ሲሰነጠቅ ሰዉ ቀድሞ ወጥቷል። ቤቶች ጠፍተዋል፣ ሰው ግን ተርፏል።»

መንገዱ እስኪከፈት የግሩፑ ሰዎች ብርድ ልብስና የሕፃን ልብስ አመጡ። የመጽሐፍ መደርደሪያው ሥር ተከመረ። ሌሎችም ዘመድ የጠፋባቸው ሲመጡ ጻፍንላቸው፤ መምህሩም ከዚያ በኩል ሳይሰለች መለሰ። መንገዱ ሲከፈት ሰውየውን አንድ የባጃጅ ሹፌር ከነዕቃቸው መናኸሪያ ድረስ በነጻ አደረሳቸው።

በጋ ላይ ለትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ይዤ ዋጫ ስሄድ እነ ሰውየው ጋ ጎራ አልኩ። ከተራራው ራቅ ብሎ አዲስ ቤት እየሠሩ ነበር። ሚስትየዋ ሳትጠይቀኝ ልጅቷን እቅፌ ላይ አስቀመጠችና ወደ ባሏ ዞረች። በእጇ እያመለከተች በሩ ወደ መንገዱ ይዙር ትላለች፤ እሳቸው ወደ ጓሮው ይላሉ። ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ልጅቷ ግን ጣቴን ጨብጣ ስለተኛች አልተነሣሁም።