የግንበኛው ደረጃ

አባቴ የሚኖርበትን ፎቅ ከሠሩት ግንበኞች አንዱ ነው። ይህን ያልሰማ ጎረቤት የለም። «ደረጃውን ከታች እስከ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ» እያለ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆሯችንን አደንቁሮታል።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከአባቴና ከእናቴ ቤት ደጃፍ ያለችው የመጨረሻዋ ደረጃ ግን ሰው ትጥላለች። ያልተደናቀፈባት የለም። ሰው በተደናቀፈ ቁጥር አባቴ፣ «እግራችሁን አንሱ! ደረጃው ምን አደረጋችሁ?» ይላል። ከሃያ ዓመት በፊት እናቴ የታጠበ ልብስ ተሸክማ ስትወጣ ወድቃ እጇ ተሰበረ። ያኔም ያላት ያንኑ ነው።

አሁን ተራው የእሱ ሆነ፤ ጉልበቱ ከዳው። በሳምንት ሁለት ቀን ለሕክምና ሲሄድ ወንድሜ አዝሎ ያወርደው፣ አዝሎ ያወጣው ነበር። የወንድሜ ሥራ ግን ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረና እሁድ ሊሄድ ነው። የእኔ ቤት ደረጃ የለውም፤ አንዲት ክፍል ናት፤ ከእኔ ሌላ የምትይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። አባቴ በራሱ እግር መውጣት ካቃተው እኔ ዘንድ ይመጣል፣ እናቴ ብቻዋን ትቀራለች። በስተርጅና ሊለያዩ ነው።

ጎረቤታችን አናጢው አንድ ከዘራ ሠራልን። ግርጌው ላይ ትንሽ ሳጥን ተመትቶበታል። ሳጥኑን ደረጃው ላይ አስቀምጠው ይረግጡታል፤ አንዷን ደረጃ ለሁለት ይከፍላታል። ለሳጥኑ ልክ ሲወስድ አናጢው የመጀመሪያዋን ደረጃ ለክቶ ሌሎቹን ሊቀጥል ሲል አባቴ አስቆመው።

«ሁሉም አንድ ናቸው። እኔ አይደለሁ የሠራኋቸው?»

ቅዳሜ ጠዋት ሞከርነው። እኔ ከኋላው እጆቼን ዘርግቼ፣ ዶሮ የማባርር መስዬ እከተላለሁ። ሳጥኑ ኳ ይላል፣ እግሩ ይከተላል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። አንደኛውን ፎቅ አለፍን፣ ሁለተኛውንም። ደስ ሊለው ሲገባ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

«አባዬ፣ እንረፍ?»

«ዝም ብለሽ ውጪ!»

መጨረሻዋ ደረጃ ሥር ደረሰ። ሳጥኑን አስቀመጠ፣ ወጣበት፣ ግራ እግሩን አነሳ። አልደረሰም። ጫማው የደረጃዋን ግንባር መታና ተመለሰ። በከዘራው ተደግፎ ቆመ። እናቴ በሩን ከፍታ ቆማለች።

«አባዬ፣ እግርህን ትንሽ አንሳ» አልኩት። ካልኩት በኋላ የራሱ ንግግር መሆኑ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

«እግሬ አይደለም» አለ። እናቴን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ሲሚንቶውን ያያል። «ይቺ ደረጃ ከሌሎቹ ትበልጣለች። ስሠራት ልኩን ስቻለሁ። የግንባታው ኃላፊ ሳያይ ሊሾ አልብሻት ዝም አልኩ። አንቺንም የጣለችሽ እሷ ናት።»

እናቴ አልደነገጠችም።

«አራት ጣት ትበልጣለች» አለች። «እጄ ከጀሶ የወጣ ዕለት ለክቻታለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ነዋ። ሃያ ዓመት አስጠበቅኸኝ።»

ጎንበስ ብላ ያቺኑ የተሰበረች እጇን ዘረጋችለት። ያዛትና ወጣ። እኔ ታች እጆቼን እንደዘረጋሁ ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ ለዚያች ደረጃ መርገጫ ሊሠራላት አናጢው ሜትሩን ይዞ መጣ። አባቴ ደጃፉ ላይ ወንበር አስወጥቶ ተቀምጦ ጠበቀው።

«ሁሉንም ለካ» አለው። «እኔን አትመን።»