ልጄ ክራንቻ ስታበቅል

የፊት ጥርሶቿን ልጄ ብዙም ሳታስቸግረኝ ነው ያበቀለችው። ትንሽ ለሀጭ፣ ትንሽ መነጫነጭ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ሳበላት ማንኪያው አፏ ውስጥ ኳ አለ፤ በቃ። ስለዚህ ክራንቻዋ ሲመጣ ምንም አልተዘጋጀሁም ነበር።

ወሩ ሰኔ ነው። በድሬዳዋ ሰኔ ደግሞ ጤነኛ ሰውም ይነጫነጫል። የልጅቷ ድድ ቀልቶ አብጧል፣ ለሀጯ አንገቷንና ደረቷን አቁስሎታል። ሩዝ ስሰጣት ትተፋለች፣ ሳቅፋት ትከሻዬን ትነክሳለች። ታይዋን በሚባለው ገበያ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ፤ የንክሻዋን ምልክት በሻርፕ ሸፍኜ ነበር ሱቅ የምውለው። በላዩ ላይ ተቅማጥ ጀመራት።

ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤታችን አብራን የምትኖረው፣ ልጅቷንም የምትይዝልኝ እናቱ ናት። አዬዮ ነው የምንላት፤ በሶማልኛ አያት ማለት ነው። እንደ ከተማችን ልማድ አማቴ ብትሆንም አንቺ እላታለሁ።

ተቅማጡ ሲበረታ አዬዮ ጣቷን ታጥባ የልጅቷን ድድ ዳሰሰች።

«ኢልኮ ዳዐዎ ነው» አለች። የቀበሮ ጥርስ ማለቷ ነው። «ተቅማጡን ያመጣው ይሄ ነው። ካልወጣ ልጅቷን ይጥላታል። ወደ ሐርላ ግድም የምታወጣ ሴት አለች፣ እጇ ጥሩ ነው።»

እንዴት እንደሚወጣ አውቃለሁ። ድዱ ይቀደድና ገና ያልበቀለው ጥርስ በስለት ተፈልፍሎ ይወጣል።

«አይሆንም አዬዮ። ነገ ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን።»

ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ጓዳ ገባች። ለባለቤቴ ደወልኩ።

«እናቴ ስንት ልጅ ያሳደገች ናት» አለኝ። «ለእኔም አስወጥታልኛለች። ምን ሆንኩ?»

በአንድ በኩል ክራንቻ የለውም። ሲስቅ ክፍተቱ ይታያል፤ እኔ ልጅ ሆኖ ወድቆ የተሰበረ ይመስለኝ ነበር።

«ታዲያ ክራንቻህ የት ሄደ?»

«በቃ እናንተው ተነጋገሩ» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃ ይገባልኝ ስለነበር፣ ሱቅ ዘግቼ ስመለስ ጤና ጣቢያ ልንሄድ ከአዬዮ ጋር ተስማማን። ስድስት ሰዓት ላይ ስደርስ በሩ ተቆልፏል። ጥግ ላይ ያለውን ባለሱቅ ጠየቅኩት።

«አዬዮ ህፃኗን ይዛ ወጣች። የሐረር መንገድ ሚኒባስ ስትሳፈር አይቻታለሁ» አለኝ።

ወደ ሐርላ የሚወስደው መንገድ ነው። ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩ። ሹፌሩ «ምን ሆነሽ ነው እህቴ?» ሲለኝ ነገርኩት። ሙዚቃውን አጠፋና ዳገቱን የባጃጁ አቅም እስከቻለው ድረስ ነዳው። እኔ የምላትን እያዘጋጀሁ ነበር። ከቤቴ ትውጣ እስከማለት ደርሼ ነበር።

ገና ሐርላ ሳንደርስ አገኘኋቸው። አዬዮ መንገድ ዳር ግራር ጥላ ሥር ሚኒባስ ትጠብቃለች፣ ልጅቷ ጭኗ ላይ ናት። መጀመሪያ ያየሁት የልጄን ልብስ ነው፤ ደም ፈለግኩ። ከዚያ አፏን ከፈትኩ። እየጮኸች ጣቴን ነከሰችኝ። ድዷ እንዳበጠ ነው፣ አልተነካም።

«አልተደረገም» አለች አዬዮ። «ሴትየዋ ጭንቅላቷን ያዢልኝ አለችኝ። ያዝኩ። ስለቱን ስታነሳ ልጅቷ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ወላሂ፣ እጄ ለቀቃት።»

ወደ መንገዱ እያየች «አባቷን ግን አልለቀቅኩትም» አለች። «ከዚያ በኋላ ስንት ቀን በትኩሳት ነደደ። ተርፎ ጡት ሲይዝልኝ፣ መድኃኒቱ ሠራ አልኩ።»

ከቤቴ ትውጣ ያልኩትን ተውኩት። ንዴቴ ግን አልበረደም።

«ሳትነግሪኝ መውሰድሽን አልረሳውም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

በዚያው ባጃጅ ወደ ከተማ ወረድንና ጤና ጣቢያ ገባን። ነርሷ ድዷን አይታ ጥርሱ ሊወጣ መቃረቡን ነገረችን። ተቅማጡ ከጥርሱ የመጣ እንዳልሆነ፣ ልጅ ድዱን ሲበላው ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ስለሚከት እንደሚይዘው አስረዳችን። ኦአርኤስና ዚንክ ሰጠችን።

«የቀበሮ ጥርሱስ?» አለች አዬዮ።

«ክራንቻዋ ነው እማማ። ነገ ሥጋ የምትበላበት።»

አዬዮ ሻሿን አስተካከለችና ኦአርኤሱን አነሳች።

ኦአርኤሱን በማንኪያ እየሰጠናት ግማሹን ትተፋው ነበር። ንጹሕ ጨርቅ በፈላ ውሃ አጥበን ፍሪጅ ውስጥ እናቀዘቅዝና እናስነክሳታለን፤ መብራት ሲጠፋ ባለሱቁ ጋ ካለው በረዶ እናመጣለን። ተቅማጡ ቆመ። ክራንቻው ግን አልቸኮለም፤ አንዱ ነጭ ጫፉን ሲያሳይ ሌላው ማበጥ ይጀምራል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷን ሱቅ ይዣት መሄድ ጀመርኩ። ልብሱን ከማንጠልጠያው እየጎተተች፣ ካልሲ እየነከሰች ገበያተኛ ታባርርብኛለች። አዬዮ አትውሰጃትብኝ አላለችም። ምሳ ይዛልን ትመጣና ሱቁ በር ላይ በርጩማ ስባ ትቀመጣለች፤ በልተን ስንጨርስ ሳህኑን ይዛ ትመለሳለች። አንድ ቀን ልትሄድ ስትነሳ ልጅቷ እጆቿን ዘርግታ አለቀሰችላት። አዬዮ አላነሳቻትም፤ እኔን አየችኝ።

«ውሰጃት፣ እዚህ ይሞቃታል» አልኳት።

ወዲያው አቀፈቻት፣ ፀሐዩ እንዳያገኛት በሻሿ ጋርዳት ወደ ባጃጆቹ ሄደች።