አያቴ ያልቆጠሩልን የይታይሽ ልጆች

ለገና ቡሬ ቤታችን የተሰበሰብነው ባለቤቴ፣ እናቴ፣ ሁለቱ ልጆቼ፣ እኔና አሁን በሕይወት የሌሉት አያቴ ነበርን።

አያቴ ዝምድና ሲያስተምሩ ልጆቹን መደብ ላይ በተርታ አስቀምጠው ለእያንዳንዳቸው የዘመድ ቦታ ይሰጡ ነበር። ያን ዕለትም ወንዱን ልጄን «አንተ አባቴ ነህ፤ እንግዲህ ኮስተር በል» አሉት። ልጅቷን «አንቺም እህቴ ይታይሽ ነሽ» ሲሏት አኮረፈች።

«አባባ፣ ሁልጊዜ ይታይሽ! ዛሬ እንኳ ሙሽራ ልሁን።»

«ሙሽራስ ትሆኛለሽ፤ የይታይሽን ዘር ካላወቅሽ ግን የገዛ ዘመድሽን ታገቢያለሽ። ልጆቿን ለፋሲካ እቆጥርልሻለሁ» አሏት። ሁሉም ሳቀ። እኔ ሰባት ቤት ሳይቆጠር መጋባትን ስለምፈራ «አደራ፣ እንዳይረሱ» አልኳቸው።

ፋሲካ ሳይደርስ አረፉ። ከቀበርናቸው ወዲህ እንባም አልመጣልኝ፤ ቤቱን እጠርጋለሁ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት እልካለሁ። ትናንት ልጆቹ ብቻቸውን መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«እማ፣ የይታይሽ ልጆች እነማን ናቸው?» አለችኝ ልጄ።

እናቴን አየኋት፤ እሷም አታውቅም።

እመት ይታይሽ በልጅነታቸው ፈረስ ቤት ወደምትባለው ከተማ ተድረው ነበር፤ ኋላ ወደ ጅጋ መሻገራቸውን ብቻ ሰምተናል። እሳቸውን ወይም ልጆቻቸውን የምታውቁ፣ እባካችሁ የት እንዳሉ ንገሩን።